ዓሣዎቹ የጾሙበት ክረምት

አስተናጋጁ ሳህኑን ፊቴ ከማስቀመጡ በፊት ሽታው ደረሰኝ፤ የተጠበሰ ቆሮሶ፣ ከላዩ ሎሚ፣ ከጎኑ ዳጣ። ጾም ስለነበር ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ዓሣ ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል፤ እኔና የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ወንበር ያገኘነው ቆመን ጠብቀን ነው። ሳህኑን አየሁት። ዓሦቹ ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ከመዳፌ አይበልጥም።

«ይኼን መልስልኝ» አልኩት።

«አልበሰለም እንዴ?»

«በስሏል። ግን ልጅ ነው። እኔ ልጅ አልበላም።»

አስተናጋጁ እኔንና ጓደኛዬን እያፈራረቀ ተመለከተ። «የኔ እህት፣ ዓሣ እኮ ዓሣ ነው» አለ። አይደለም አልኩት። ባለቤቱ መጣና ሐይቁ የሰጠውን እንደሚሸጥ ነገረኝ፤ ሐይቁ አልሰጠህም፣ ሳያድግ ነው የወሰድክበት አልኩት። ጓደኛዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። በመጨረሻ ሽሮ አዝዤ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

መንገድ ላይ «ምን ሆነሻል? ለአንድ ሳህን ዓሣ ሰው ታስቆሚያለሽ?» አለችኝ። ምን እንደሆንኩ አሳምሬ አውቃለሁ። በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አንዲት ሴትዮ አበላሽተውኛል። እግዜር ይስጣቸው።

እትዬ ዘርፌ ይባላሉ፤ የእኛ ብሎክ ምድር ቤት ይኖሩ ነበር። ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ክፍል፣ ፀጉራቸው እስኪሸብት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሥራው ቢቀርም አነጋገሩ አልቀረም። በረንዳቸው ሥር ኳስ የምንጫወተውን ልጆች «ተከሳሾች ቅረቡ» ብለው ይጠሩናል፤ ሽንኩርት ሻጩ ዋጋ ሲጨምርባቸው «ይግባኝ እላለሁ» ብለው ወደሚቀጥለው ሻጭ ይሄዳሉ። ልጅ አልነበራቸውም። ባላቸው ጋሽ መኩሪያ ግን የግቢውን ልጅ ሁሉ የሚያስቁ ሰው ነበሩ።

ጋሽ መኩሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከግቢው ወንዶች ጋር ሚኒባስ ተከራይተው ዓሣ ለማጥመድ ዝዋይ ይወርዱ ነበር። ለመሸጥ ሳይሆን ለመዝናናት ነው። ማታ ሲመለሱ ሰማያዊውን ሳፋ ለሁለት ተሸክመው የጋራ ኩሽናው ፊት ያስቀምጡታል። እኛ ልጆች እየተጋፋን እናያለን፤ ሚስቶች «ማን ሊጠርገው ነው?» እያሉ ያጉረመርማሉ። ከዓሣው የሚበላው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ለድመት ይጣላል። ያኔ ይኼ የማንም ጉዳይ አልነበረም።

ጋሽ መኩሪያ በድንገት ዐረፉ። ዐርባቸው እንደወጣ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ወንዶቹ ሳይነጋ ሚኒባሱ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ እትዬ ዘርፌ ከራስ እስከ እግር ከል እንደለበሱ፣ የባላቸውን ማጥመጃ ዘንግ ይዘው መጡ። በሩን ከፈቱ። ከሾፌሩ ኋላ፣ መስኮት ዳር፣ የጋሽ መኩሪያ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እንሂድ እንጂ፤ ማንን ነው የምትጠብቁት?» አሉ።

ማን ደፍሮ ይናገር? ከል የለበሰች ሴት ከመኪና ውረጂ አትባል ነገር! ሐዘን ነው፣ ያልፍላቸዋል ብለው ዝም አሉ። ቅዳሜ አልፎ ቅዳሜ መጣ፤ እትዬ ዘርፌ አልቀሩም። ወንዶቹም ጨዋ ሰዎች ናቸውና ሙት ዓመቱ ወጥቶ ከሉ እስኪወልቅ መጠበቅ ጀመሩ። እኔ የማወራው ከሉ ስለወለቀበት ክረምት ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ትምህርት ተዘጋ። አባዬ የመስመር ሾፌር ስለሆነ ቤት አይገኝም፤ እማዬ አብነት ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትውለው። እትዬ ዘርፌ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆመው «ቢፍቱን ለቅዳሜ ቅዳሜ አውሺኝ» አሏት። «እጇ ትንሽ ነው፤ የእኔ ወገብ ደግሞ መታጠፍ እምቢ ብሏል።» እማዬ ለምን ሥራ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ እሺ አለች። እኔ በደስታ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ከልደታ ወጥቼ ያየሁት ነገር ቢኖር የአክስቴ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ኮልፌ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ዓርብ ከሰዓት ነው። ከውኃ ታንከሩ ኋላ ያለውን ጭቃ በአሮጌ ማንኪያ ቆፍሬ ትል አወጣለሁ። የዚያ ጭቃ ሽታ እስከ ዛሬ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይመጣብኛል፤ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ የዛገ ብረት የሚል። ከዚያ አብነት ጋራዦቹ ጋ ሄጄ የተጣለ የብሎን ዳዶ እለቅማለሁ። ሌሎቹ አጥማጆች የመንጠቆውን ናይለን ክር ወደ ታች የሚስብ የእርሳስ ክብደት ነው የሚያስሩት፤ እትዬ ዘርፌ ግን እርሳስ ውኃ ውስጥ ሲቀር ወፍ ይውጠዋል፣ መርዝ ነው ይሉና ዳዶ ያስራሉ። «ብረቱ ዝጎ ያልቃል። እርሳስ አያልቅም» አሉኝ።

መንጠቆዎቹን ደግሞ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ በፒንሳ ይጨፈልቃሉ። መንጠቆ ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ጥርስ አለችው፤ ዓሣው እንዳያመልጥ የምትይዘው እሷ ናት። እሷን ነው የሚያጠፉት።

«ዓሣውን እንዳያመው ነው?» አልኳቸው።

«እንዳያመው ብዬ ቢሆን መጀመሪያም ባልሄድኩ» አሉ፣ ከመንጠቆው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ልለቀው ስል ቶሎ እንዲለቀቅ ነው። ከሄድሽ አይቀር አበሳውን አታብዢበት።»

ሊለቁት ከሆነ ለምን ይይዙታል? ይኼን ለብዙ ቀን አሰብኩበት። ጋሽ ዳምጤ፣ የአጥማጆቹ ሰብሳቢ፣ ሚኒባስ ውስጥ «ወይዘሮ ዘርፌ እኮ ዓሣ ሊያስተምሩ ነው የሚሄዱት» ብለው ሁሉንም ሲያስቁ እኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። ዓሦቹ አንድ ጊዜ ተይዘው ሲለቀቁ ስለ መንጠቆ ይማራሉ፤ ለሌሎቹም ይነግራሉ። እትዬ ዘርፌ የዓሣ አስተማሪ ናቸው። ለእማዬ ማታ እንደዚያ ብዬ ነገርኳት፤ እሷም ደክሟት ስለነበር «ጎሽ» ብላኝ ተኛች።

ጋሽ ዳምጤ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይኼን መናገር አለብኝ። አብነት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል፤ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ አይጠፋም። ሐይቁ ዳር ደርሰው ቦት ጫማቸውን ሲያጠልቁ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። የያዙት ሁሉ የእሳቸው ነው። ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ የሚበላ ይሁን የማይበላ፣ ሳፋው ውስጥ ይገባል። የተበጠሰ ናይለን ሲኖር ጠቅልለው ከኋላቸው ይጥሉታል፤ ሌሎቹም እንዲሁ።

የእኔ ሥራ ያን መልቀም ነበር። እትዬ ዘርፌ የማዳበሪያ ከረጢት አንገቴ ላይ አስረውልኝ፣ ውኃው ዳር ከበቀለው ደንገል ሥር፣ ከድንጋዩ መሃል፣ ከዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ናይለን እለቅማለሁ። መጀመሪያ ቀን አፍሬ ነበር። ሌሎች ልጆች ሐይቅ ሄደው ሲዋኙ እኔ ቆሻሻ ስለቅም! ፊቴን አጥቁሬ እየተጎተትኩ ሳለ ነው ወፏን ያየኋት። ረጅም እግር ያላት ነጭ ሳቢሳ፣ ብቻዋን ውኃው ዳር ቆማለች። እግሯ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። አልቦ አድርጋለች ብዬ በጣም ደስ አለኝ፤ የሠርግ ቀኗ ይሆናል አልኩ።

«እትዬ፣ ወፏ አልቦ አድርጋለች!»

እትዬ ዘርፌ መጥተው አዩ። ዘንጋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና የለበሱትን ጥቁር ነጠላ ገፈው በቀስታ ተጠጉ። ወፏ ልትበር ሞክራ በአንድ ጎኗ ወደቀች። ነጠላውን ጣሉባት። «መቀሱን አምጪ» አሉኝ። ናይለኑ እግሯን ደጋግሞ ዞሮ ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል፤ እግሯ አብጧል፤ ይሸታል። ክር በክር ቆረጥኩት። ወንዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያነሡን ነበር። አንዱ «ወይዘሮ ዘርፌ ክሊኒክ ከፈቱ» አለ፤ ሳቁ። ነጠላው ሲነሣ ወፏ ትንሽ ተራመደች፣ ወደቀች፣ ተነሣች፤ ከዚያ በረረች።

እኔ አልሳቅኩም። የበረረችበትን ሳይሆን ናይለኑን ነበር የማየው፤ በእጄ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ከረጢቱን አንገቴ ላይ እሰሩልኝ ብዬ ቀድሜ የምጠይቀው እኔ ሆንኩ።

እትዬ ዘርፌ ዓሣ ሲይዙ አያያዛቸው የታወቀ ነው። መጀመሪያ እጃቸውን ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፤ በደረቅ እጅ ከተያዘ ቆዳው ላይ ያለው ዝልግልግ ሽፋን ይላጥና ይታመማል። ከዚያ በስንዝራቸው ይለካሉ። ከስንዝር ካነሰ ወደ ውኃው ይመለሳል። ከበለጠ ለራት የሚበቃቸውን ብቻ ይይዛሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ፣ የፈለገ ቢያክል፣ ይለቁታል። ጋሽ ዳምጤ አንድ ጊዜ ትልቅ አምባዛ ሲለቁ አይተዋቸው በሁለት እጃቸው ጭንቅላታቸውን ያዙ። እውነት ታመሙ ብዬ ደንግጬ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሙት ዓመቱ ወጣ። እትዬ ዘርፌ ከላቸውን አወለቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰው፣ ያንኑ ዘንግ ይዘው ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ በቀሚሱ ማማር የተገረሙ መሰለኝ፤ ኮርቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ጋሽ ዳምጤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ፣ ወይዘሮ ዘርፌ፣ ሐዘኑም አለፈ፤ አሁን ትንሽ ዐረፍ ቢሉ» አሉ።

«እያረፍኩ ነው እኮ አቶ ዳምጤ። ቅዳሜዬ ይኼ ነው» አሉ እትዬ ዘርፌ። መስኮቱን ከፈቱ። ያ ወንበር ከባላቸው የቀረላቸው ነገር መሆኑን፣ እሱን ካጡ ቅዳሜያቸውን አራት ግድግዳ ውስጥ እንደሚውሉ እኔ እንኳ አውቄዋለሁ። እኔም ብሆን እሳቸው ከቀሩ ማን ይወስደኛል?

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተጀመረ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ ሌላውን ጾም የማይጾም ልጅ እንኳ ፍልሰታን ይጾማል። እኔም፣ ቅዳሜ ከምግብ አይጾምም ቢሉኝም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው ግቢው ሁለት ቦታ ተከፍሏል። እማዬ ያስገድፋል ትላለች፤ ጋሽ ዳምጤ ይበላል ይላሉ፤ እትዬ ዘርፌ «በዚህ መዝገብ ላይ አልዳኝም» አሉ።

እኔ ግን በሐይቁ ዳር ሆዴ እየጮኸ ተቀምጬ ሳስብ ሌላ ምሥጢር ደረስኩበት። እትዬ ዘርፌ ትንንሾቹን ይለቃሉ፣ ትልልቆቹን ይይዛሉ። ለምን? ፍልሰታ የልጆች ጾም ስለሆነ! ትንንሾቹ ዓሦች እንደ እኔ እየጾሙ ነው። ጾመኛ አይነካም፤ ለዚህ ነው የሚለቋቸው። ነገሩ ሁሉ ልክ መጣልኝ። ከሰዓት በኋላ እሳቸው አንዲት ትንሽ ቆሮሶ በስንዝር ለክተው ሊለቁ ሲሉ ሰዓቱን ጠየቅኳቸው።

«ዘጠኝ አለፈ» አሉ።

«ታዲያ ለምን ይለቋታል? አሁንማ ገድፋለች!»

አስረዳኋቸው። እትዬ ዘርፌ ዓሣዋን ወደ ውኃው መለሱና፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ጋሽ መኩሪያ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ አላየሁም። እኔ በጣም ተናደድኩ። ትክክል ነኝ ብዬ ሙጭጭ አልኩ፤ እስከ ልደታ ድረስ አኩርፌያቸው ገባሁ።

ያ ክረምት ለወንዶቹ አልሰመረላቸውም። ዝናቡ ውኃውን አደፍርሶት ይሁን ሌላ፣ ዓሣ ጠፋ። ተከታታይ ቅዳሜ ሳፋው ባዶውን ተመለሰ፤ የግቢው ሰው ማላገጥ ጀመረ፤ ጥበቃው ሳይቀር «ዛሬስ ዝዋይ ዓሣ የለም ወይ?» ይላቸዋል። ጋሽ ዳምጤ ቀልድ የሚወዱት ራሳቸው ሲቀልዱ ብቻ ነው። ፍልሰታ ሳይፈታ ባለው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ከአንድ ሰው መረብ ተከራዩ።

«ዓይኑን እዩት» አሉ ደስ ብሏቸው፣ ጣታቸውን መረቡ ቀዳዳ ላይ እያደረጉ። ትንሿ ጣታቸው እንኳ አልገባችም። «ምንም አያመልጠውም!»

«አቶ ዳምጤ፣ ይኼ ማጥመድ አይደለም» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ከደንገሉ ሥር እኮ የሚዋለዱበት ነው። እዚያ ውስጥ አትጎትቱት።»

«ባዶ ሳፋ ይዤ ልደታ አልገባም!»

ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። ሁለቱን ጫፍ ይዘው፣ እንደ ልጅ እየጮሁ፣ በደንገሉ መሃል ጎተቱት። መረቡ ሲወጣ ሞልቶ ነበር። ዓሣው ትኩስ እንዲቆይ ሳፋው ውስጥ የሐይቅ ውኃ አድርገው፣ ውኃው ዳር፣ ተዳፋቱ ላይ አስቀመጡት። እኔን «ጠብቂ» ብለውኝ መረቡን ደግመው ሊጥሉ ሄዱ።

ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ዓሦቹ ተጨናንቀው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በአንዷ አጠገብ ኑግ የሚያክሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ይንቀሳቀሱ ነበር። ዝቅ ብዬ አየሁ። ነጠብጣቦቹ ዓይን ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ዓይን ፀጉር የምታክል ጭራ አለችው። እጄን ወደ ውኃው ሳስገባ ዓሣዋ አፏን ከፈተች፤ ሁሉም ተያይዘው ገቡ። አፏን ዘጋች።

«እትዬ! ትንንሾቹን በላቻቸው!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ዘርፌ ወገባቸውን ይዘው መጡ፤ አዩ። «አልበላቻቸውም» አሉ። «ልጆቿ ናቸው። ቆሮሶ ልጆቿን የምታሳድገው አፏ ውስጥ ነው። ስትፈራ ትደብቃቸዋለች። ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ እሷ እህል አትቀምስም።»

«ትጾማለች?»

በዚህ ጊዜ አልሳቁም። «ትጾማለች» አሉ።

አላልኩም? ደረቴን ነፍቼ አልኳቸው፤ እሳቸው ግን ወደ ጋሽ ዳምጤ ሄደዋል። ከደንገሉ ዳር ሲነጋገሩ ይሰማኛል። እትዬ ዘርፌ አፋቸው የሞላውን ብቻ መርጠን እንመልስ ይላሉ። ጋሽ ዳምጤ፣ «ከዚያ ሳፋ አንድ ዓሣ አይወጣም፤ ዓመቱን ሙሉ ስንሰማዎት ከረምን፤ አሁንስ በቃ!» ይላሉ። የለመድኩት ሳቅ በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። ሳፋው ውስጥ አንዷ ዓሣ በጎኗ ተገለበጠች። ልጆቿ ከአፏ ወጥተው በዙሪያዋ ይዞሩ ነበር፤ መግቢያ አጥተው።

ተናደድኩ። ይኼን ያህል የተናደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ሳፋውን ላነሣ ሞከርኩ፤ አልተንቀሳቀሰም። ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩና ሁለት እግሬን ጠርዙ ላይ አድርጌ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። ተንሸራተተ። ተገለበጠ። ውኃው፣ ዓሣው፣ ኑግ የሚያክሉት ዓይኖች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሐይቁ ውስጥ ገባ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ!» ጋሽ ዳምጤ እየሮጡ መጡ። ሌሎቹም መጡ። ከበቡኝ። ቀሚሴ ጭቃ ነው፤ አላለቀስኩም። እትዬ ዘርፌ ሰዎቹን ከፍለው ገብተው አጠገቤ ቆሙ። አልገሠጹኝም፣ አላሞገሱኝም፤ ቆሙ ብቻ። ማታ ልደታ ገባን።

በማግስቱ ከሰዓት የጋራ ኩሽናው ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። የፕላስቲክ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። እማዬ የክት ቀሚሴን አልብሳ እጄን ጨምድዳ ይዛ ወሰደችኝ። ጋሽ ዳምጤ ተረጋግተው ነበር፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተናገሩ። «ወይዘሮ ዘርፌ፣ ሐዘንዎን አክብረን ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈስንም። ዛሬም ልናስወጣዎት አንፈልግም። ልጅቷ ጉልበት ስማ ይቅርታ ትጠይቅ፤ እርስዎም ይኼን ትምህርት ይተውልን። ወንበርዎ እንዳለ ነው። አለበለዚያ ግን ከእንግዲህ አብረን አንሄድም።»

እማዬ ጀርባዬን ገፋችኝ። «ሂጂ ሳሚ» አለች በሹክሹክታ። የሚጠበቅብኝ ሁለት እርምጃ መሄድና ጎንበስ ማለት ነበር። ቅዳሜ፣ ሚኒባሱ፣ ደንገሉ፣ የእትዬ ዘርፌ መስኮት ዳር ወንበር፣ ሁሉም በእኔ ጉልበት መሳም ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ዘርፌን አየኋቸው። ራሳቸውን እንዲነቀንቁልኝ ጠበቅኩ፤ ቢነቀንቁልኝ በሩጫ ነበር የምሄደው።

«እኔን አትይ» አሉኝ። «ወንበር ላስቀር ብዬ አንቺን አላስዋሽም።»

«ይቅርታ አልጠይቅም» አልኩ።

«ቢፍቱ!» አለች እማዬ።

«አልጠይቅም! አፏ ሙሉ ነበር። ጾመኛ ነበረች። እሷን ነው ይቅርታ መጠየቅ ያለባችሁ!»

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ጋሽ ዳምጤ እጃቸውን ዘረጉና «እንግዲህ ሰምታችኋል» አሉ። ወንበሩ በዚያው ሄደ። እማዬ ቤት ስንገባ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ፤ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» እያለች። ሳምንቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጬ በግቢው አጠገብ የሚያልፈውን ባቡር እያየሁ አለቀስኩ፤ አሁን ማንም ስለማያየኝ። ዓርብ ማታ ግን እማዬ ራሷ የላስቲክ ጫማዬን አጥባ በር ላይ አስቀመጠችልኝ። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘርፌ አንኳኩ። አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ዘንግ፣ ከረጢት።

«መኪና የለንም እኮ» አልኩ።

«መናኸሪያ ሙሉ መኪና አለ» አሉ።

ቃሊቲ ሄድን። ረዳቱ ዘንጉን ጣሪያ ላይ ልጫን ሲል «እሱ ከእኔ አይለይም» ብለው በጉልበታቸው መሃል አቁመው ያዙት፤ በየመንገዱ የገባው ሰው ሁሉ እየተደናቀፈበት ዝዋይ ደረስን። በባጃጅ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ከፍ ብሏል። ወንዶቹ እንደ ወትሮው በመስመር ተቀምጠዋል። እኔ ራቅ ወዳለው ዳር የምንሄድ መስሎኝ ወደዚያ ዞርኩ። እትዬ ዘርፌ እጄን ያዙና በቀጥታ ወደ መሃላቸው፣ ጋሽ መኩሪያ ይቀመጡበት ወደነበረው ድንጋይ ሄዱ። ተቀመጡ። ትል ሰኩ፣ ናይለኑን ወረወሩ።

«ወይዘሮ ዘርፌ» አሉ ጋሽ ዳምጤ፣ «ተነጋግረን ነበር እኮ።»

«የተነጋገርነው ስለ ወንበሩ ነው አቶ ዳምጤ። ወንበሩ የእናንተ ነው፤ ወሰዳችሁት። በሐይቁ ላይ ግን አልተፈረደብኝም።» ከረጢቱን አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። «ሥራሽን ጀምሪ። ከዳር እስከ ዳር፤ ማንንም አትዝለዪ።»

ፈራሁ። ከመጀመሪያው ሰው ጀምሬ ለቀምኩ። አንዱ ፊቱን አዞረ። ሾፌሩ የተጠቀለለ ናይለን ከኪሱ አውጥቶ፣ ማንም እንዳያየው ዝቅ አድርጎ፣ ከረጢቴ ውስጥ ከተተው። ጋሽ ዳምጤ ጋ ደረስኩ። ከቦት ጫማቸው ሥር፣ መንጠቆው እንዳለበት፣ አንድ ትልቅ የናይለን ጥቅል ወጥቶ ይታያል። እየረገጡት ነው። ቆምኩ። አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩኝ ሆኑ። መስመሩ በሙሉ ወደ እኛ ዞሯል። እትዬ ዘርፌ ብቻ ውኃውን ያያሉ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እግርዎን ያንሱ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

«እግርዎን» አልኩ ደግሜ።

ጋሽ ዳምጤ እግራቸውን አነሡ።